60 ሰዓት ብዬ አልፈርምም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። የመምህር ነገር የማይመለከታችሁ እለፉት፤ ትምህርት ቤት የምትልኩት ልጅ ካላችሁ ግን ባታልፉት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት የዓመቱን የተሙማ ማኅደሬን አስገባሁ። ተሙማ ማለት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ነው፤ እኛ እርስ በርስ ስናወራ "ሲፒዲ" ነው የምንለው። ማኅደሩ መጨረሻ ላይ አንድ ቅጽ አለ፤ በዓመቱ የተሠራውን ሰዓት ይጠይቃል። 12 ዓመት ሙሉ እዚያች ቦታ ላይ 60 እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ 11 ብዬ ጻፍኩ።

አስተባባሪያችን ጓደኛዬ ነው፤ አብረን ቡና የምንጠጣ ሰው። ገለጥ ገለጥ አድርጎ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

"አንተ፣ ምነው? ተሳሳትክ እንዴ?"

"አልተሳሳትኩም።"

"ፎርሙ እኮ 60 ነው የሚለው።"

"የሠራሁት 11 ነዋ።"

"እሱማ ማን 60 ሠራ ብለህ ነው?"

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄው ናት ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ። ማንም ያልሠራውን ነገር ሁላችንም ሠራን ብለን እንፈርማለን፤ ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያደርግበታል፤ ሱፐርቫይዘሩ አይቶ "ጥሩ ነው" ይላል፤ ቁጥሩ ተደምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ላይ ያለው ሰው ደግሞ "መምህራኖቻችን መቶ በመቶ ተሙማ ፈጽመዋል" ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ልጆቹ ግን እዚያው ናቸው።

መምህር ላልሆናችሁት ነገሩን ላስረዳ። ተሙማ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያወጣው ማዕቀፍ አለ። እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል ይጠይቃል። አዲስ የተቀጠረ መምህር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከአማካሪ መምህር ጋር እየሠራ ሙያውን ይተዋወቃል። አሠራሩ ዑደት አለው፤ መጀመሪያ ምን እንደሚጎድልህ ትለያለህ፣ ታቅዳለህ፣ ትሠራለህ፣ ከዚያ ምን ለውጥ አመጣ ብለህ ትገመግማለህ። የጓደኛህን ክፍል ገብተህ ታያለህ፣ እሱም ያንተን ያያል፣ ተግባራዊ ምርምር ትሠራለህ፣ አብራችሁ ትምህርት ታዘጋጃላችሁ። ይህ ሁሉ በማኅደር ይሰነዳል።

አንብቡት፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። 60 ሰዓት ለ10 ወር ሲካፈል በወር 6 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል። ይህ ለማንም መምህር አይከብድም። እኔ የምጣላው ከማዕቀፉ ጋር አይደለም። የምጣላው እኛ ካበላሸነው ነገር ጋር ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በኔ ትምህርት፣ በኮምፒውተር ትምህርት ላይ ከደረሰው ጋር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ሌላውን ከመክሰስ በፊት የራስን ጓዳ መክፈት ይሻላልና።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ። 10 ሲደመር 3 የሚባለው ፕሮግራም ላይ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው የተማርኩት። በደንቡ ሃይስኩል የሚያስተምር ሰው ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። የአይሲቲ መምህር ሲጠፋ "ለጊዜው ያዝልን" ተብዬ ገባሁ፤ ጊዜው ይኸው 13ኛ ዓመቱን ያዘ። አላፍርበትም፣ አልኮራበትምም። የተማርኩት በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ፕሮግራሚንግ የተባለው ቪዥዋል ቤዚክ 6 ነበር። ዳታቤዝ ማለት አክሰስ 2003 ነበር። ፍሎፒ ዲስክ እንዴት እንደሚያዝ ተፈትኜ ኤ አግኝቻለሁ።

አሁን የሒሳብ መምህር ጓደኛዬን አስቡት። እሱ የተማረው የፓይታጎረስ ቴረም ዛሬም ያው ነው፤ ነገም ያው ነው። ማስተማሪያ ዘዴውን ቢያሻሽል ይበቃዋል። የኔ ትምህርት ግን ይዘቱ ራሱ ከሥሬ ይሸሻል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ የገባውን አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ተመልከቱ። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መጽሐፉ ውስጥ ዳታቤዝ አለ፣ ድረ ገጽ መሥራት አለ፣ የኮምፒውተር ጥገና አለ፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚል ምዕራፍ አለ፣ የፕሮግራሚንግ መሠረት አለ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያያሉ፣ መጥተው ይጠይቁኛል። እኔ ኤክስፒ ላይ ነው የተመረቅሁት። ይህን ክፍተት የሚሞላ ነገር ካለ ተሙማ ነው፤ ከሌላው መምህር ሁሉ ይበልጥ ለኔ የተፈጠረ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

እና ማኅደሬ ውስጥ ምን አለ? ከዘንድሮው በፊት ያሉትን የ12 ዓመት ማኅደሮቼን ቁጭ ብዬ አየኋቸው። 12 ጊዜ 60፣ 720 ሰዓት ፈርሜያለሁ። በቀን 8 ሰዓት ብንይዝ 90 ሙሉ የሥልጠና ቀን ማለት ነው። 90 ቀን የሠለጠነ ሰው ፓይተንን አይደለም፣ ሌላም ነገር አብሮ ይችል ነበር።

ሲገለጥ ግን እንዲህ ነው። የመማር ማስተማር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፣ የክፍል አያያዝ፣ ንቁ ተሳትፎ፣ እንደገና ተከታታይ ምዘና፣ እንደገና ንቁ ተሳትፎ። አንድ ዓመት ላይ ዕቅዴ ካለፈው ዓመት ዕቅድ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው የቀየርኩት። ሌላ ዓመት ላይ ደግሞ ከባዮሎጂ መምህር ሶፍት ኮፒ ወስጄ ስሙን ቀይሬ "ባዮሎጂ" የሚለውን አንድ ቦታ ላይ ሳላጠፋው ቀርቻለሁ። የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ፈልጎ መተካት እንኳ አቃተኝ! ማንም አላየውም። "በጣም ጥሩ" ተብሎ ተፈርሞበታል። ማኅደሩ እንደማይነበብ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከ720 ሰዓቱ በእውነት ስለ ኮምፒውተር የሆነው ስንት ነው? ቆጠርኩት። አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ሥልጠና ነበር፣ 16 ሰዓት። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ እንዴት እንደምናገናኝ አሳየን፣ 3 ሰዓት። ድምር 19። በ12 ዓመት ውስጥ 19 ሰዓት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው፤ 701 ሰዓቴ ሰማይ ላይ ነው ያለው።

"ታዲያ ማን ተጎዳ? ወረቀት ነው" የሚል አይጠፋም። ማን እንደተጎዳ ልንገራችሁ።

ያስተማርኳት አንዲት ልጅ አለች። ከዲመካ በኩል መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ የተማረች፣ ውኃ ቀድታ፣ ምግቧን ራሷ ሠርታ ክፍል የማትቀር ልጅ። እኔ ጋ በኮምፒውተር ትምህርት 92 ነበራት። ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ማታ ደወለችልኝ። የኮምፒውተር ክፍል ገብተው "ሎግ ኢን አድርጉ" ሲባል እጇን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ቀረች። አጠገቧ ያለው ልጅ ሳቀ። እኔን አልወቀሰችኝም። የጠየቀችኝ እንዲህ ብቻ ነው፤

"ቲቸር፣ 92 ሰጥተውኝ አልነበር እንዴ? የቱ ነው 92ቱ?"

መልስ አልነበረኝም። 92ቱ የወረቀት ነው። ስለ ማውዝ በሰሌዳ ሥዬ አስተምሬያታለሁ። የኪቦርድ ክፍሎችን ጽፋ መልሳልኛለች። ሲፒዩ ምንድን ነው ስላት በሚገባ ነግራኛለች። ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ግማሾቹ አይነሱም ነበር፤ የሚነሱት ላይ ደግሞ መብራት አለ ስንል ይጠፋል። ኦሞ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግልገል ጊቤ 3 ተሠርቷል፤ እኛ የኦሞ ተፋሰስ ልጆች ደግሞ ማውዝን በጠመኔ እንማራለን። መብራቱን እኔ አላመጣውም፣ እሱን ልተወው። ግን አይነሱም ከተባሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የተበላሹት በትንሽ ነገር ነበር። ራሙን አውጥቶ ማጽዳት፣ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር፣ ያረጀውን ዊንዶውስ አውጥቶ ነፃ የሆነውን ሊኑክስ መጫን። ይህን ዘንድሮ ነው ያወቅሁት። ያኔ የጥገና ሥልጠና 20 ሰዓት ወስጄ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ ኪቦርድ ነክታ ትሄድ ነበር። እኔ ግን ያን ዓመት 60 ሰዓት ብዬ ፈርሜያለሁ።

እዚህ ላይ ነው ፊርማዬ ውሸት ብቻ ሳይሆን ጉዳት የሆነው። "60 ሰዓት ሠልጥኗል" የተባለን መምህር ማን ያሠለጥነዋል? ክፍተቴን በራሴ እጅ ደፍኜ "ሙሉ ነኝ" ብዬ ላክሁ። ላይ ያለው ሰው ደቡብ ኦሞ ያለ የኮምፒውተር መምህር ፓይተን እንደማይችል በምን ይወቅ? መምህሩ ራሱ ችያለሁ ብሎ ፈርሟል።

አገሩ ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት ሲጮኽ ሰምታችኋል። በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ፈተናው ሲጠብቅ፣ ኩረጃ ሲቀር፣ ለዓመታት የተቆለለው የወረቀት ውጤት ተናደ። የተማሪው ኩረጃ ታየ፣ ተነወረ። የመምህሩ ኩረጃስ? የተሙማ ማኅደር ሲገለበጥ እሱ ኩረጃ አይደለም ወይ? ተማሪ ሲኮርጅ ወረቀቱን የምቀማው እኔ፣ ሰኔ ሲመጣ ፍላሽ ይዤ ከጓደኛዬ ማኅደር እቀዳለሁ። ኮምፒውተር ደግሞ ብሔራዊ ፈተና ላይ የለም፤ ስለዚህ የኛን ባዶነት የሚያጋልጥ ፈተናም የለም። ፈተናው ራሱ ግን ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ነገ ሁሉም ልጅ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ፊዚክሱን የሚያውቅ ልጅ ማውዝ ስለማያውቅ ነጥብ ቢጥል በማን ይፈረዳል?

አሁን የሚመጡልኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

"ባለሙያ ራሱን ያሻሽላል፤ ዩቲዩብ አለ" ይላሉ። እውነት ነው፣ አለ። እኔም የተማርኩት ከዚያ ነው። ግን በራሴ የሞባይል ዳታ፣ በዲፕሎማ ደመወዝ፣ በማታ። ሐኪም ቤት ያለ ባለሙያ ፈቃዱን ሲያሳድስ ተከታታይ ሥልጠና ስለመውሰዱ ማስረጃ ይጠየቃል፤ "ዩቲዩብ አይቻለሁ" ብሎ ቢመጣ አትታከሙበትም። ደግሞስ በዩቲዩብ የተማርኩትን የሚቆጥርልኝ ቅጽ የታለ? ሌሊት ተቀምጬ ፓይተን የተለማመድኩበት ሰዓት ማኅደሬ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ያልተደረገው የ"ንቁ ተሳትፎ" ስብሰባ ግን ቃለ ጉባኤ አለው።

"5 ሚሊዮን ኮደርስ መጥቷል እኮ" ይላሉ። መጥቷል፣ ደግሞም ጥሩ ነው። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ሐምሌ 2016 ላይ የተጀመረ፣ በነፃ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ ነው። እኔም ተመዝግቤ ጀምሬዋለሁ፤ ልጆቼንም ጀምሩ ብያቸዋለሁ። ዛሬም ጀምሩ እላለሁ። ግን እኔ ጋ ስልክ ተደውሎ የተጠየቅሁት "ስንት ልጅ ምን ተማረ?" ተብሎ አይደለም። "ስንት አስመዘገብክ? ቁጥሩን እስከ ከሰዓት ላክ" ነው የተባልኩት። ኢሜይል የሌለው ልጅ ኢሜይል ተከፍቶለት፣ ተመዝግቦ፣ የይለፍ ቃሉን እንኳ ሳያውቀው ቀርቷል። ቁጥሩ ግን ሄዷል። ጥሩን ኮርስ የሚገድለው ይህ ነው፤ የተመዘገበውን ቆጥሮ የተማረውን መርሳት።

"በጀት የለም" ይላሉ። ይህ እውነት ያለበት መልስ ነው፤ አልዋሽም። ከኦሞራቴ አንድ መምህር ለአንድ ቀን ሥልጠና ጂንካ ሲመጣ መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀን ይበላል፣ አበል አለ፣ ማደሪያ አለ። ግን የውሸት ማኅደርም ነፃ አይደለም። የሚታተመው ወረቀት፣ የሚገዛው ፎልደር፣ ለግምገማ የሚባክነው ቀን፣ የሱፐርቫይዘሩ ነዳጅ፤ ይህ ሁሉ ብር ነው። ውሸቱን ለመሰነድ ያወጣነው በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ስንት ፓወር ሰፕላይ ይገዛ ነበር?

"ቀድሞውንም በዲፕሎማ ሃይስኩል ማስተማር አልነበረብህም" የሚሉኝም አሉ። ይሁን፣ ትክክል ናችሁ። ዲግሪ ያለው ይምጣና ቁልፉን ላስረክበው፤ ከልቤ ነው። እስኪመጣ ድረስ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። የመጣው ዲግሪ ያለው ሰውም ቢሆን ከአምስት ዓመት በኋላ የተማረው ያረጅበታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን፤ ዲፕሎማዬን መምታት ቀላል ነው፣ ሥርዓቱን መንካት ግን ያስፈራል።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 አይሲቲ የሚባለውን ትምህርት አንስተው ኮምፒውቲንግ በሚባል ተኩት፤ ከትንሽ ልጅ ጀምሮ ፕሮግራሚንግ ገባ። መጽሐፉ ተቀየረ፣ መምህሩ ግን ያው የድሮው ነበር። በ2017 ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበራቸው መምህራኑ በቂ ድጋፍ እንዳላገኙ በሪፖርት ተናገረ። መንግሥታቸው አልተደበቀም፤ 84 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ በ2018 ለኮምፒውቲንግ ትምህርት ብቻ የቆመ ብሔራዊ ማዕከል አቋቋመ። ሀብታም አገር ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል። ብሩን ተዉት። ብሩ የመጣው አንድ ሰው "መምህሮቻችን አልቻሉም" ብሎ እውነቱን ስለጻፈ ነው። እውነቱን መጻፍ 84 ሚሊዮን ፓውንድ አይጠይቅም።

እኛም ከዚህ በፊት ተምረን ነበር፤ ረሳነው እንጂ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ ሲመጣ ታስታውሳላችሁ? በሳተላይት ትምህርት እየተላለፈ፣ መምህሩ ዳር ቆሞ እንደ ተማሪ ሲያይ። ዕቃው መጣ፣ መምህሩ ሳይዘጋጅ። በየትምህርት ቤቱ የተሰበሩት ፕላዝማዎች ዛሬም መጋዘን ውስጥ አቧራ ይለብሳሉ። ቴክኖሎጂ መምህሩን አልፎ ተማሪ ጋ አይደርስም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ማማረር ብቻ እንዳይሆን የማስበውን ላስቀምጥ። ትልቅ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ የትምህርት ዓይነቱ ሰዓት ለብቻው ይቆጠር። ከ60ው ውስጥ ስንቱ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስንቱ ስለ ኮምፒውተር ራሱ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ይህ አንድ መስመር ቢጨመር የኛ ባዶነት በአንድ ሰኔ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ብቻ አይቆጠር። ከያንዳንዱ ሥልጠና ጎን ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ከዚህ በፊት የማልችለው ምን ነበር፣ አሁን ምን ቻልኩ፣ ክፍል ውስጥ ምን ተደረገበት። "የሉፕ ትምህርት ወሰድኩ፤ 10ኛ ክፍል ላይ ልጆች የማባዣ ሠንጠረዥ የሚያትም ፕሮግራም ጻፉ" ማለት አንድ መስመር ነው፤ ግን ከ40 ገጽ ማኅደር ይበልጣል። ያስተማርኩት ልጅ ተጠርቶ ሊጠየቅ ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ሰዓት መጻፍ አያስቀጣ። ይህ ዋናው ነው። 11 የጻፈ ሰው ደረጃ ዕድገቱን የሚያጣ፣ 60 የጻፈ ሰው የሚያገኝ ከሆነ ሁላችንም 60 እንጽፋለን። ከመዋሸት ሌላ መንገድ ያልተተወለት ሰው ይዋሻል። 11 የጻፈውን "ለምን 11 ሆነ? ምን እናግዝህ?" ማለት ይሻላል።

አራተኛ፣ ያለንን እንጠቀም። ከ2010 ጀምሮ ጂንካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለን። ክረምት ላይ ላቦራቶሪ ክፍት ሆኖ፣ አንድ አስተማሪ ተመድቦ፣ በየወረዳው ያለን የኮምፒውተር መምህራን ለሁለት ሳምንት ብንሰበሰብ፣ 10 ቀን በቀን 6 ሰዓት፣ ይኸው 60 ሰዓት! አበል ባይኖር እንኳ እኔ ሽሮዬን ይዤ እመጣለሁ። ከክረምት ውጭ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ተሰብስበን የተበላሸ ኮምፒውተር ብንፈታ ሥልጠናም ነው፣ ጥገናም ነው።

ቅዳሜ ካልኩ አይቀር፣ ገበያችንን እዩ። ከአሪ ተራራ ኮረሪማ ይዛ የወረደች እናት ጆንያዋን አስቀምጣ ስትቀመጥ ነጋዴው መጥቶ ጆንያ ብቻ ቆጥሮ አይሄድም። አፉን ይከፍታል፣ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባል፣ ከታች ያለውን ያወጣል፣ ያሸታል። ከላይ ጥሩ ከታች ብስባሽ እንዳይሆን። ያልተማረ የምንለው ነጋዴ የሚያውቀውን እኛ በማኅተም የምንሠራው አናውቀውም፤ 12 ዓመት ሙሉ ጆንያዬ ተቆጠረ እንጂ አንድም እጅ አልገባበትም።

አሁን ወደ ባልደረቦቼ ልዙር፤ ስለምወዳችሁ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ወደ ላይ መወርወር ይመቸናል። ግን ማኅደሩን የገለበጠው ሚኒስትሩ አይደለም። "ተማሪው አይረባም" እያልን፣ እኛ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ አዲስ ነገር ሳንማር ክፍል ገብተናል? ሥልጠና ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው "አበል አለው?" ነው፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ደመወዛችን አነስተኛ ስለሆነ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ደመወዙ ባይበቃም ልጁ እኮ ያንኑ አንድ ጊዜ ነው 9ኛ ክፍል የሚማረው።

ዘንድሮ የጻፍኩት 11 ሰዓት ይኼ ነው። 6 ሰዓት የኮደርስ ኮርሱን፣ በስልኬ፣ ጨርሼ የተለማመድኩባቸው ክፍሎች። 3 ሰዓት ከሌላ ትምህርት ቤት መምህር ጋር የተበላሹ ኮምፒውተሮችን የፈታንበት፤ አራት አስነሳን። 2 ሰዓት እሱ የኔን ክፍል፣ እኔ የሱን ክፍል ገብተን ያየንበት፤ እሱ ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ራሴ እንደምመልስ ነገረኝ፣ አፍሬ ነበር፣ ልክ ነው። 11 ሰዓት ትንሽ ናት። ግን እያንዳንዷን ሰዓት ጠይቁኝ፤ ምን እንደሠራሁባት እነግራችኋለሁ። ስለ 720ው ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ የለኝም።

ወደ አስተባባሪው ጓደኛዬ ልመለስ። "እሺ፣ ግዴለም፣ በእርሳስ ጻፈው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" አለኝ። ለኔ አስቦ ነው፤ ከደረጃ ዕድገት እንዳልቀር። አመሰገንኩት፣ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ደረጃው ምናልባት ይቀርብኛል። ባለቤቴ ስትሰማ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ "የቤት ኪራዩንም በ11 ሰዓት ትከፍላለህ?" አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሷንም መልስ አላገኘሁም። የልጅቷን ጥያቄ ግን ለሁለተኛ ጊዜ መስማት አልችልም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይህን የምታነቡ ብዙ ናችሁ። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ውጭ አገርም ያላችሁ፣ ከናንተ ውስጥ ዛሬ ሶፍትዌር የምትሠሩ አላችሁ፤ ከኔ ሳይሆን ከራሳችሁ ተምራችሁ። ለበዓል ስትመጡ ግማሽ ቀን ስጡን። ኬክ አትግዙልኝ፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪ ገብታችሁ ለኛ ለመምህራኑ አንድ ነገር አሳዩን። ማኅደሬ ውስጥ ስማችሁን ጽፌ "ተማሪዬ አስተማረኝ" ብዬ እፈርምበታለሁ፤ ያኛው ፊርማ እውነት ይሆናል።

የኮምፒውተር መምህራን ደግሞ፣ የትም ሁኑ የት፣ የዘንድሮ እውነተኛ ሰዓታችሁን ከታች ጻፉ። ስለ ኮምፒውተር ብቻ የሆነውን። ዜሮ ከሆነም ዜሮ በሉ፤ የትምህርት ቤታችሁን ስም አትጥቀሱ፣ ማንንም አትክሰሱ። ቁጥሩን ብቻ።

እኔ ጀምሬያለሁ፤ 11።